ቤታችን የተነሣበት በጋ

አባቴ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ቤታችን ነቀምቴ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ዳር ነበር፤ ሣር ክዳን፣ የፊት ክፍሉ ቆዳና ጠፍር የሞላበት። ከኑኑ ቁምባ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች በቅሎአቸውን ደጃችን አስረው ኮርቻ ያስጠግናሉ። አባቴ «ከዚህ መንገድ ፈቀቅ ካልን ማንም ፈልጎ አይመጣልንም» ይል ነበር። ሌላ ሙያ አያውቅም፤ እንጀራችን መንገዱ ነበር።

ያኔም ቢሆን የጭነት መኪናው እየበዛ፣ በቅሎው እየቀነሰ ነበር። ትናንት ኮርቻ ያሠሩ የነበሩ ሰዎች በአኖ በኩል በሚመጣ መኪና ላይ፣ ከጆንያ ጋር ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ለአባቴ እጃቸውን ያውለበልቡለታል። እሱም ወስፌውን እንደያዘ እጅ ይነሣል። እኔን ግን ሰላምታቸው ያበግነኝ ነበር።

የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ የመጣው የበጋው መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በአማርኛ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ የአባቴ አማርኛ ከገበያ አታልፍም፣ እናቴ ጭራሽ አትሰማም። ቢሮው ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አይጽፍም፣ አይሰማም። ስለዚህ የቤቱ አፍም ጆሮም እኔ ነበርኩ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ማል ጄዳ?» አለኝ አባቴ፤ ልጄ፣ ምን ይላል ማለቱ ነው።

ደብዳቤው አጭር ነበር። በአዲሱ የመንገድ ፕላን መሠረት ቤትዎ እስከ ጥር መጨረሻ እንዲነሣ ይላል፤ ከሥሩ ማኅተም። «እንዲነሣ» የሚለው ላይ ትንሽ ቆምኩ። ለእኔ መነሣት ከመኝታ መነሣት ነው፣ ከወደቁበት ቀና ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሹማምንቱ መንገድ ዳር ያለ ጎጆ ከተማውን ያዋርዳል፣ ቤት ሁሉ ከፍ ይበል፣ ቆርቆሮ ይልበስ እያሉ ሲያውጁ ከርመዋል። እኔም ሳላቅማማ ተረጎምኩት።

«ማንኒ ኬሰን ሃ ካኡ ጄዳ።» ቤታችሁ ይነሣ፣ ከፍ ይበል ይላል አልኩት።

አልገባኝም ማለት እችል ነበር። አስተማሪዬ ቤት ሩቅ አልነበረም፤ ሮጬ መጠየቅ እችል ነበር። የክፍሉ አንደኛ መጠየቅ አሳፈራት።

አባቴ ደስ አለው። መንግሥት መንገድ ዳር ያለነውን አስታወሰን አለ። የእናቴን ላም ሸጠ። ባሕር ዛፍ አስመጣ፣ ሣሩን አፍርሶ ግድግዳውን አንድ ክንድ ከፍ አደረገው፣ እናቴ ጭቃውን ረገጠች፣ እኔም ገለባ አቀበልኩ። ቆርቆሮው ሲመታ ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። አባቴ ጣሪያው ላይ ሆኖ ሲዘምር የሰማሁት ያን በጋ ብቻ ነው።

በጥር ማለቂያ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ቀያሽና አፍራሾች አስከትሎ መጣ። የሸዋ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያብረቀርቀውን ጣሪያ አይቶ ደነገጠ። «ማነው ይህን የፈቀደው?» አለ። አባቴ ደብዳቤውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው።

«ይነሣ ነው እኮ የሚለው!» አለ ሹሙ።

አባቴ ባለችው አማርኛ፣ ፊቱ በርቶ፣ «ተነሣ እኮ ጌታዬ! አንድ ክንድ ሙሉ ተነሣ!» አለው።

አፍራሾቹ ሳቁ። ሹሙ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረና «ይፈርሳል ማለት ነው በይው» አለኝ። መሬት መሬት እያየሁ፣ «ኒ ዲገማ» አልኩ። ይፈርሳል።

አባቴ እኔን አየ፣ ደብዳቤውን አየ። ከዚያ ለሹሙ፣ «እሷ ደኅና አነበበች፤ እኔ ነኝ ክፉ የሰማሁ» አለው። ዕድሜ ልኬን ብመታ ይሻለኝ ነበር። ቆርቆሮውን ራሱ ወጥቶ ነቀለ፤ ሲነቀል ምስማሩ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ቀረበት።

ከመንገዱ ርቀን፣ ወደ በከኒሳ ቀሴ ገባ ብለን ከዘመድ ጓሮ ሰፈርን። ያንኑ ቆርቆሮ ከደንነው፤ ክረምት ሲገባ በየቀዳዳው አፈሰሰብን። ከቀድሞ ቤታችን ቦታ ግማሹ መንገድ ሆነ፣ በቀረው ላይ የወፍጮ ቤት ቆመ። አባቴ ኮርቻ ሠርቶ ሠርቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ እንዳለውም ማንም ፈልጎ አልመጣም። ቆዳው እየደረቀ ተሰነጠቀ። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። አንድም ቀን ደግሞ «ማል ጄዳ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ስለራራልኝ ነው ወይስ ስላላመነኝ፣ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ከቀብሩ በኋላ እናቴ የአባቴን የሥራ ሣጥን ስትከፍት ከጠፍሩ ሥር ፖስታ አገኘች። የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አለበት፤ ሙጫው አልተነካም። ከፈትኩት። ስለፈረሰው ቤት ምትክ ቦታ እዚያው መንገድ ዳር ስለተፈቀደልዎ በሦስት ወር ውስጥ ቀርበው እንዲረከቡ፣ ካልቀረቡ ለሌላ የሚሰጥ መሆኑን ይላል። ቀኑ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚህኛው ደብዳቤ ውስጥ ያልገባኝ ቃል አንድም አልነበረም።

እናቴ ሣጥኑን እንደያዘች ቀና ብላ፣ «ማል ጄዳ?» አለችኝ።

«ሆማ ሂን ጄዱ» አልኳት። ምንም አይልም።