የማሬት መንገድ በሽምብራ ማሳ ላይ

የካቲት፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ባሕር ዳር

ፀሐይ ሳትወጣ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ደርሰናል። ስንቃችን አራት ዳቦ፣ አንድ ዘለላ ሙዝና በእጥፍ ዋጋ የገዛነው የታሸገ ውሃ ነው። ሌላው ጭነት በረጅም ቱቦ የተጠቀለለ የወይዘሮ ማሬት ፕላን ሲሆን፣ እሱን ማንም እንዲሸከምላቸው አይፈቅዱም።

ማሬት ኢስቶኒያዊት አርክቴክትና የከተማ ፕላን ባለሙያ ናቸው። በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ላለችው ለደልጊ ከተማ፣ በሐይቁ ዳር የሚዘረጋ፣ በድንጋይ ግንብ የተደገፈ የእግር መንገድ ነድፈዋል። ዛሬ ለነዋሪው ያቀርባሉ፤ ዛሬ ካልጸደቀ ግንበኞቹ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። ማሬት ራሳቸው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ጡረታ ይወጣሉና ይህ የመጨረሻ ሥራቸው ነው። እኔ አስተርጓሚያቸው ነኝ፤ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ሐይቁን አውቃለሁ ብዬ ነው የተቀጠርኩት።

2 ሰዓት፤ ዘጌን አልፈን

ውሃው ጸጥ ብሏል። ማሬት ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘርግተዋል።

«የተወለድኩት ደሴት ላይ ነው» አሉኝ። «ልጅ ሆኜ ግን ወደ ባሕሩ መውረድ ክልክል ነበር። የሶቪየት ድንበር ነው ተብሎ በሽቦ ታጥሯል፤ ወታደር ይጠብቀዋል። ማዕበሉን ከአልጋዬ ሆኜ እሰማዋለሁ፣ አልነካውም።»

ተምረው ሲመረቁ ለዓመታት የሣሉት አንድ ዓይነት የመኖሪያ ሕንፃ ነበር። ሽቦው ሲነሣ ግን ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሰው ወደ ባሕሩ የሚወርድበትን መንገድ ሲነድፉ ኖሩ። አንድ ከንቲባ «ይህቺ ሴት ባሕሩን ራሷ የፈጠረችው ይመስላታል» ብሎ እንዳማቸው ሲነግሩኝ ራሳቸውም ሳቁ።

4 ሰዓት ተኩል፤ ቁንዝላ

የተጠበሰ ዓሣ ከነሙሉ አካሉ ቀረበልን። ጀልባ ነጂያችን ዳኛቸው ሁዳዴን ስለያዘ ሽሮ አዘዘና ዓይኑን ከዓሣው ላይ ሳይነቅል በላ።

«እትዬ ማሬት አጥንቱን እንኳ አልተዉም» አለኝ በሹክሹክታ። «እውነትም የደሴት ሰው ናቸው!»

7 ሰዓት፤ ደልጊ

ማሬት ከስብሰባው በፊት መንገዱ የሚያልፍበትን ዳርቻ እንደገና እንየው ብለው ቀድመው ሄዱ። ባለፈው ጥቅምት አብረን መጥተን አንድ ሳምንት ሙሉ የለካነው ነው። ደረስንና ሁለታችንም ቆምን። ውሃ የለም! ሐይቁ ሁለት የኳስ ሜዳ ያህል ርቆ ሄዷል። በቦታው ያለው ለምለም የሽምብራ ማሳ ነው።

ከማሳው መሐል አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ። ጋሼ ታገለ ይባላሉ። ማንነታችንን ሳይጠይቁ ሁለት እፍኝ እሸት ነቅለው ሰጡን። አላፊ አግዳሚ ሳይቀምስ አያልፍም።

«ውሃው የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ኧረ የት ይሄዳል! ሸሸ እንጂ። ሲሸሽ እየተከተልሁ ዘራሁ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ እኔ እሸሽለታለሁ። ከአባቴ ጀምሮ እንዲሁ ነን።» ከዚያ ቱቦውን አዩ። «ግንቡ የሚቆመው እዚሁ ነው አሉ። እንግዲያስ በሬዎቼን በየት ላሳልፍ? ታንኳዬስ? ከደንገል ሣር የታሰረች ታንኳ ድንጋይ ላይ ሲጎትቷት ትበጣጠሳለች እኮ፣ ልጄ።»

ተረጎምኩ። አፈርኩም። የሐይቅ ልጅ ነኝ እያልኩ ስፎክር ጥቅምት ላይ ስለ ውሃው መሸሽ አንድ ቃል ትንፍሽ አላልኩም። ባሕር ዳር እኛ ሰፈር ውሃው ከዳርቻው ግንብ ብዙም ስለማይርቅ ጣና ሁሉ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ማሬት እሸቱን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ራቀው ውሃ ዞሩ። «የእኛ ባሕር እንዲህ አይሸሽም» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «አጥር ልሠራ ነበር» አሉ።

8 ሰዓት፤ ስብሰባው

ዋርካው ሥር ሰው ሞልቷል። ሰብሳቢው ሥዕሉ እንዲዘረጋ ጠየቁ። ማሬት ቱቦውን አልከፈቱም።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «አንድ ሳምንት አይቼ ዓመቱን ያወቅሁ መሰለኝ። ይህ ግንብ ከሐይቃችሁ ይለያችኋል። አልፈርምበትም።»

«ታዲያ መንገዱ ቀረ ማለት ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

ማሬት ፊታቸው ቀላ። «ያማረ ሥራ ነበር፤ ያሳዝነኛል። ቀረ።»

ወጣቶቹ አጉረመረሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ መናፈሻ እንዳማራቸው ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ታገለ ከኋላ ተነሡ።

«ሴትዮዋ ደግ አደረጉ። ልጆቻችንም ግን የሚንሸራሸሩበት ይሻሉ። መንገዱ ወደ ላይ ይውጣ፤ ውሃው ከማይደርስበት። ከላይኛዋ ማሳዬ ዳር ስድስት እርምጃ እለቃለሁ። ለበሬና ለታንኳ መውረጃ ብቻ ይተውልን።»

«እኔም ስድስት!» አለ አንድ ድምፅ። ሌላም ተከተለ።

ማሬት ክንዴን ያዙኝ። «ምን አሉ? ምን አሉ?» «መንገዱ ወደ ላይ ይውጣ፣ ከማሳችን እንለቃለን እያሉ ነው» አልኳቸው። ሰዎች ማሳን የሚያህል ነገር ሲሰጡ ለካ እንዲህ በአጭሩ ነው የሚናገሩት።

ጋሼ ታገለ ተርጉሜ እስክጨርስ አልጠበቁም። ሰውን ሁሉ አስከትለው ወደ ላይኛው ማሳ ወጡ፤ ከዳሩ ጀምረው ረጃጅም እርምጃ መቁጠር ያዙ። ማሬት እግር በእግር ተከተሏቸው። በስድስተኛው ላይ ቆሙ።

«እዚህ?» አሉ ማሬት በአማርኛ።

«እዚህ» አሉ ጋሼ ታገለ።