መሬት የሚያዳምጠው ሶፍትዌርና የቀትር እንቅልፌ

ቂል ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን እዩኝ። መሬት ስትንቀጠቀጥ እንዲናገር የመጣውን ሶፍትዌር፣ የቀትር እንቅልፌን ስለረበሸኝ ብቻ ዝም ያሰኘሁት ሰውዬ እኔ ነኝ።

ከፋብሪካ ጭስ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለይቶ ከመሬት በታች መቅበር ይቻል እንደሆነ የሚያጠና ፕሮጀክት ድሬ ላይ ቀጥሮኝ ነበር። ጋዙ ከመቀበሩ በፊት መሬቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ መታወቅ አለበት። ስለዚህ መልካ ጀብዱ አጠገብ፣ መንገድ ዳር፣ ንዝረት የሚሰማ መሣሪያ ቀበርን። እሱ የሰማውን ለሶፍትዌሩ ይልካል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ነገሩ የመሬት መንቀጥቀጥ ከመሰለው ስልኬን ያስጮኸዋል። የኔ ሥራ መደንገጥ ነው። ደሞዜም ለዚሁ ነው።

ችግሩ ቀትር ላይ መጣ። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፣ የማያርፈው የጫት መኪና ብቻ ነው። ጫቱ ሳይጠወልግ ለማድረስ ሾፌሮቹ መሬት ሳይነኩ ነው የሚያልፉት ብል ደስ ባለኝ፤ ይነካሉ እንጂ! ባለፉ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል፣ እኔም በሽርጥ ዘልዬ እነሳለሁ።

"ምን ሆነ?" ትላለች ሚስቴ።

"መሬት ተንቀጠቀጠች።"

"እኔ ምንም አልተሰማኝም።"

"ላንቺ መቼ ተነገረ!"

ጤነኛ ሰው ቢሆን መሣሪያውን ከመንገዱ ያርቀው ነበር። እኔ እንደገና መቆፈር ሰለቸኝና ሶፍትዌሩን አንድ ነገር አዘዝኩት፦ ቀትር ላይ የሚሰማ ንዝረት ሁሉ የጫት መኪና ነው፣ ዝም በል። ዝም አለ። ተኛሁ። ለአለቆቼ "ሲስተሙን አሻሽያለሁ" ብዬ ሪፖርት ባደርግ ጭራሽ አመሰገኑኝ።

ሁለተኛው መሣሪያ የሚተከለው አዮ እያልን የምንጠራቸው አሮጊት መሬት ላይ፣ ከውኃ ጉድጓዳቸው አጠገብ ነበር። ከብቱም ማሽላውም የሚኖረው በዚያ ጉድጓድ ውኃ ነው። እንዲፈቅዱልን ላስረዳቸው ሄድኩ። ጎረቤቱም ቤታቸው ተሰበሰበ።

"ወሪያ፣ ጋዛችሁን ስትቀብሩ መሬቱ ቢሰነጠቅና ውኃዬ ቢጠፋ ማን ይነግረኛል?" አሉኝ።

"ይሄ ነዋ አዮ!" ላፕቶፔን ከፈትኩ። "ወላሂ፣ ጉንዳን ብታስነጥስ ይሰማል።"

አፌን ሳልዘጋ ቤቱ ተወዛወዘ። ከአዋሽ በኩል የሚመጣው፣ እውነተኛው መንቀጥቀጥ ነው። ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ፍየሎቹ ተበተኑ፣ ከቤት ቀድሜ የወጣሁት አስረጂው እኔ ነበርኩ። አዮ ግን የሮጡት ወደ ጉድጓዳቸው ነው። ባልዲ ወርውረው፣ ውኃ ይዞ ሲወጣላቸው ቁጭ አሉ።

ከዚያ ሁላችንም ላፕቶፑን ከበብን። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። "ምንም የተመዘገበ ነገር የለም" ይላል። ለካ ሰዓቱ ቀትር ነው።

"ጉንዳኗ አፏን ይዛ ይሆናል፣" አለ አንዱ ጎረቤት። ሳቁ ከመንቀጥቀጡ በለጠ።

ምን ላድርግ፣ የእንቅልፌን ነገር ዘረገፍኩት። አዮ አልሳቁም። በቃ እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። በኋላ መኪናዬ ድረስ መጡና፣

"ትከሉት፣" አሉኝ። "የሚጮኸው ግን በኔ ስልክ ይሁን። ውኃው የኔ ነው፣ እኔ እነሳለሁ። አንተ ተኛ፣ አቦ።"