የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ መርዶ

እፀገነት ወልደሚካኤል ኮሎምበስ ከተማ አጠገብ፣ አፐር አርሊንግተን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስትንከባከብ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የፍልስፍና መምህር የነበሩ ፕሮፌሰር ኤርቪን ይባላሉ፤ ናዚዎች አይሁድን ሲፈጁ ከተረፉት አንዱ ናቸው። እሷ ግን ጋሼ ነው የምትላቸው። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ሰው በባዶ ስሙ ለመጥራት አፏ እሺ አላላትም።

ዓይናቸው ደክሟልና ስለ ትዝታና ስለ ስደት የጻፉትን ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ግማሹ አይገባትም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ገጽ እንቅልፍ ያመጣባታል። በ2021 የጸደይ ወራት አንድ ቀን ግን እንዲህ የሚል አገኘች፤ «በአሥር ዓመቴ እናቴ ለገበሬዎች ሰጥታኝ ሄደች። መሞቷን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ እጠብቃለሁ።»

ክው አለች። የፍልስፍና አነጋገር ይሆናል ብላ ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረችም። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መርዶ ያልተነገረው ሰው! ለመሆኑ ምን ዓይነት ጎረቤት ነው ያላቸው ብላ በንዴት ጦፈች።

ወዲያው ጋሽ ሰብስቤን ኮል አደረገች። የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን መርዶ ነጋሪ እሳቸው ናቸው፤ ኮሎምበስ ውስጥ ጋሽ ሰብስቤ በማለዳ በር ካንኳኩ ሰው ሳይከፍት ነው የሚያለቅሰው። የቀጠራት የተንከባካቢዎች ኤጀንሲ በኮቪድ ምክንያት እንግዳ ያመጣች ትባረራለች ብሏል፤ ሥራው ደግሞ የእሷና የሁለት ልጆቿ እንጀራ ነው። ቢሆንም መርዶ ብቻውን የሚሰማ ሰው የለም፤ ነውር ነው።

ማክሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ ሰብስቤን ጨምሮ ዘጠኝ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ማስኩን አጥልቆ፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቆ የፕሮፌሰሩ ደጅ ሣር ላይ ቆመ። ፕሮፌሰሩ በፒጃማ ወጡ።

«እናትዎ አርፈዋል» አሉ ጋሽ ሰብስቤ።

ፕሮፌሰሩ ተቆጡ። ማን አየ፣ የት፣ በምን ማስረጃ ብለው አፋጠጧቸው። በማወቅና በማመን መካከል ስላለው ልዩነትም ሌክቸር ጀመሩ። ዘጠኙም እጃቸውን አጣምረው በአክብሮት አዳመጡ።

«እኛ ማስረጃ የለንም» አሉ ጋሽ ሰብስቤ፣ ፕሮፌሰሩ ሲጨርሱ። «የመጣነው ብቻዎን እንዳይሰሙት ነው።»

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀመጡና በልጅነት ቋንቋቸው እናታቸውን ጠሩ። ያኔ ሰፈሩ በለቅሶ ተናወጠ፤ እፀገነትም ርቀቱን ረስታ አቀፈቻቸው።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የኤጀንሲው አለቃ ደወለች። ለቅሶ ሰማሁ ብሎ ጎረቤት አመልክቷል። ማነው የሞተው ብላ ጠየቀች፤ እፀገነት እናታቸው ናቸው አለቻት። አለቃዋ፣ ሰውየው እኮ ዘጠና ሊሞላቸው ነው አለች።

«አዎ» አለች እፀገነት። «ግን ገና ዛሬ ነው የሰሙት።»