ዘነቡ ምን ትችላለች?

ትናንት የወንድሜ ልጅ ስልኬ ላይ የጀግኖች ካርቱን ከፍታ፣ “አክስቴ፣ ይቺኛዋ እኮ ምንም አትችልም፤ ለምን ይዘዋት ይዞራሉ?” አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ገንዳ ውሃ ከተማ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ ሰምቼ ቀኑን ሙሉ አኩርፌያለሁ።

ያኔ እኔና የክፍል ጓደኛዬ ደሳለኝ በየሳምንቱ ዓርብ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የሥዕል ታሪክ እንለጥፍ ነበር። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እሥላለሁ። ጀግኖቻችን አራት ናቸው፦ አንዱ ይበራል፣ አንዱ ብረት ያጥፋል፣ አንዱ መኪና ይቀድማል። አራተኛዋ ዘነቡ ውሃ ትቀዳላቸዋለች። እሷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ዘነቡ ራሴው ነበርኩ።

“ዘነቡ ምንም አትችልም፤ ዓርብ ብትሞትስ? ቦታ ብቻ ነው የያዘችው” አለኝ ደሳለኝ።

“ችሎታ አመጣላታለሁ። ካላመጣሁ ግደላት” አልኩት። አፌ ቀድሞኝ እንጂ ምንም አልነበረኝም።

ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ነበር። ማክሰኞ የማሽላ እንጀራና የባሚያ ወጥ ይዤ አባቴ ማሳ ወረድኩ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። አባቴ አጨዳውን ለቅዳሜ ሊያቆየው አስቧል። በየዓመቱ ከወሎ ለአጨዳ የሚመጡት እትዬ ዘውዴ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አዩና፣ “የለም ጌታው፣ አፏን ከፍታ ዘሯን ልታፈስ ነው። ነገ ጤዛው ሳይደርቅ ካልታጨደ መሬት ይበላዋል” አሉ።

በነጋው ታጨደ። ሐሙስ ነፋስ ሲነሣ የጎረቤታችን ሰሊጥ እንደቆመ ረገፈ። እኔም ወረቀቴን አወጣሁ።

በሥዕሌ ጀግኖቹ የአንዲት መበለት ሰሊጥ ሊሰበስቡ ይመጣሉ። በራሪው ሲያርፍ ክንፉ ባስነሣው ነፋስ ግማሹ ይራገፋል። ሯጩ ያለፈበት ባዶ ይቀራል። ብረት አጣፊው ነዶውን ሲያቅፍ እጁ ላይ ጭራሮ ብቻ ይተርፋል። ዘነቡ አንዲት ፍሬ ጫን አድርጋ፣ “ሁላችሁም ውጡ። ነገ በጤዛ፣ ቀስ ብለን ነው” ትላቸዋለች። የሚረግፈውን ሳይረግፍ ማወቅ፣ ችሎታዋ ይኸው ነው።

ዓርብ ሰሌዳውን የከበበው ሁሉ የሰሊጥ ገበሬ ልጅ ነው። ሯጩ ማሳው ውስጥ ሲገባ ያዩ ጊዜ ራሳቸውን ያዙ፤ ዘነቡ ጋ ሲደርሱ አጨበጨቡ። ደሳለኝ ሁለቴ አንብቦ፣ “የሚቀጥለው ስለ እሷ ብቻ ነው” አለኝ። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ሥዕሉን ይዤ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና ሳቁ። “ይህም ችሎታ ተብሎ ይሣላል ልጄ? እኛ ሥራ ነው የምንለው።”

ዛሬ በዕድሜ የያኔዋን እትዬ ዘውዴን ሳልበልጥ አልቀርም። ብዙ የተናገሩት ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በዚህ በአንዱ ግን እስካሁን አልተስማማንም። ችሎታ ነው።