የእህቴ የማታ ክኒን

የመጀመሪያው ምልክት የታየው ማሽላ ስናጭድ ነው። ታላቅ እህቴ ዘይነባ፣ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ባለው ማሳቸው ነዶ እያሰረች ሳለ ንግግሯን አቋርጣ ፈዘዘች። ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደቀች። መላ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ።

ጎረቤቱ ጂን ነው አለ። እኔ ከሚሴ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ስለነበርኩ እዚያው ወሰድኳት። እሷ ደክሟት አግዳሚው ላይ ተጋድማ ነበርና ሐኪሙ ለእኔ ነገረኝ።

«ኤፒለፕሲ ነው፣ የሚጥል በሽታ። ፌኖባርቢታል ማታ ማታ አንድ ክኒን ትዋጥ። አንድም ቀን እንዳይቋረጥ።»

በዚያ ሰሞን አንድ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ነርሷ ወይም ፋርማሲስቱ መድኃኒቱንና ሰዓቱን ሲመርጡ፣ ማንበብ ለማይችል ታካሚ የሥዕል ካርድ ያትማል። ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ቀጭን ጨረቃ። ባልደረቦቼ አይተው ወደዱት፤ ለታካሚዎችም ይሰጡት ጀመር። እኔ ግን አንድ ታካሚ እንኳ አሳይቼ ምን እንደተረዳ አልጠየቅኩም።

ዘይነባ ማንበብ ስለማትችል፣ መናኸሪያ ሳሳፍራት የሁለት ወር ክኒኗን ከካርዱ ጋር ሰጠኋት። ፕሮግራሙን ለኃላፊዎች ላሳይ ቸኩዬ ነበር። «ሁሉም ካርዱ ላይ አለልሽ» አልኳት። የሐኪሙን ቃል አልደገምኩላትም።

ሁለት ወሩ ሊሞላ ሲል ባሏ ደወለ። ወተት ልታፈላ እሳት ዳር ተቀምጣ ነበር። ጣላት። ግራ እጇ እሳት ውስጥ ገባ። አጠገቧ ማንም አልነበረም።

ክኒኗን ይዘው ጤና ተቋሙ ሲያመጧት ሐኪሙ ቆጠረው። «የጎደለው ሁለት ብቻ ነው። ለምን አልወሰድሽም?»

«ወስጃለሁ እንጂ! አዲስ ጨረቃ ስትታይ፣ ወር በገባ ቁጥር አንድ። እንደ ረመዳን ጨረቃ። ሥዕሉ እንደዚያ አይደል የሚለው?»

ሐኪሙ ካርዱን አገላብጦ አየ። «ይህን ማነው የሠራው?»

እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። ዘይነባ አየችኝ። እሷም አላጋለጠችኝም። ሐኪሙ ሲወጣ ብቻ፣ «አንተ የሠራኸው ስለሆነ እኮ አንድም አላዛነፍኩ» አለችኝ።

ቁስሏ በየሁለት ቀኑ ሲታጠብ ጥርሷን ነክሳ «ያ ረቢ» ስትል እሰማ ነበር። እየዋለ እያደረ፣ ክኒኑን ማታ ማታ መዋጥ ከጀመረች ወዲህ፣ መጣሉ እየራቀ ሄዶ ቆመ፤ እጇም ዳነ፣ ሁለት ጣቶቿ ግን እንደተኮማተሩ ቀሩ። ቁስሉ ገና ሳይሽር፣ አንድ ቀን ፋሻዋን ጠቅልዬላት ስጨርስ «አፉ በይኝ» አልኳት።

«አፉ ብያለሁ፤ አላህም አፉ ይበልህ። ግን ይህን ካርድ ለስንት ሰው ሰጣችሁ?»

አስቤው አላውቅም ነበር። በነጋታው የሠራሁትን ለኃላፊዬና ለሐኪሙ ተናገርኩ። ካርዱ መታተሙ ቆመ፤ ከፋርማሲስቱ ጋር መዝገቡን ይዘን የወሰዱትን ሰዎች ቤት ለቤት እየፈለግን ጠየቅን። አብዛኞቹ በትክክል ይወስዱ ነበር፤ እንደ እህቴ የተረዱትም አልጠፉም።

ፕሮግራሙን እንደገና የሠራሁት ከዘይነባና ከሌሎች ታካሚዎች ጋር ቁጭ ብዬ፣ ሥዕሉን አሳይቼ «ይህ ምን ይላል?» እያልኩ ነው። ለማታ ክኒን አልጋ ላይ ሊተኛ ያለ ሰው ተሣለ። ፋርማሲው ውስጥ ደግሞ ከኮምፒውተሩ የተቀዳ የዘይነባ ድምፅ በኦሮምኛ «ገልገለ ገልገለ»፣ በየምሽቱ፣ ይላል። ታካሚው የተረዳውን በራሱ ቃል ካልተናገረና ባለሙያው ያንን ካልጻፈ ካርዱ አይታተምም።

ይህ በሽታ ቤታችሁ የገባ ሁሉ፣ ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፤ ክብሪት አትጫሩበት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ከእሳት አርቁት። ክኒኑ ሲሰጣችሁ ሳታፍሩ ደጋግማችሁ ጠይቁ። የምትሰጡም፣ ቸኩላችሁ አትስጡ።

ቁስሏን ያጠበችውን ነርስና ሐኪሙን አላህ ይስጥልኝ። ዘይነባንም፣ እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ስለጠየቀችኝ። ካርዱን ከወሰዱት መካከል ከባቲ ወዲያ ከቆላው የመጣች አንዲት ሴት ግን እስከ ዛሬ አላገኘናትም። በገበያ ቀን ባቲ ስወርድ፣ ከዚያ አገር የመጡትን ስሟን እየጠራሁ እጠይቃለሁ።