ከጣሪያው ሥር ያለችው ክፍል

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ሶልያናን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ዙሪክ ካለው ሰፈሬ ከላንግሽትራሰ በትራም ወደ ባቡር ጣቢያ ወረድኩ። የምሄደው ጄኔቭ ነው፤ አንድ ቤት ለማየት።

እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሳድግ እናቴ በዚያ ቤት፣ ከዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር፣ በሠራተኝነት ትኖር ነበር። አገሯ ከተመለሰች በኋላ ብዙ አብረን አልቆየንም፤ ታመመችና አረፈች። ስለ ቤቱ ስጠይቃት “ደረጃው ብዙ ነው” ከማለት በቀር የምትጨምረው አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ግን ጓደኛዋ እትዬ ዘነበች ደወሉልኝ። “ቤቱ ተሸጧል፤ ቢሮ ሊሆን ነው። ላይኛውን ፎቅ ያፈርሱታል አሉ። ቅዳሜ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ማየት ከፈለግሽ ነይ” አሉኝ።

የበርንን ከተማ እስክናልፍ ጉም ነበር። ሎዛን ልንደርስ ስንል ባቡሩ ከዋሻ ወጣ፤ ሐይቁ ከታች ተንጣለለ። የያዝኩትን ዳቦ በአይብ መብላት ትቼ አየሁት። እናቴ ስለዚህ ሁሉ ውሃ አንድ ቀን እንኳ አንሥታልኝ አታውቅም።

ኮረብታው ላይ

እትዬ ዘነበች ከሰፈራቸው ከሻትሌን በአውቶቡስ መጥተው ጣቢያው ደጃፍ ይጠብቁኝ ነበር። “ምሕረት! ቁርጥ እናቷን!” ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ድልድዩን ተሻግረን፣ የድንጋይ ንጣፉን ዳገት እያረፍን ወጣን።

ቤቶቹ ግራጫ ድንጋይ ናቸው፤ ከተሠሩ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። በአንድ ረድፍ ተጣብቀው ቆመዋል። እያንዳንዱ የራሱ በርና ደረጃ አለው፤ የጎን ግድግዳቸው ግን የጋራ ነው። ከበሩ በላይ ያሉት የሳሎኑ መስኮቶች ከሰው ቁመት ይበልጣሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ያጥራሉ፤ ከጣሪያው ሥር ያሉት የመጽሐፍ ያህል ናቸው። አስጎብኚዋ፣ ይህ የተደረገው ቤቱ ከታች ለሚያየው ሰው እንዲረዝም ነው አለችን። እትዬ ዘነበች በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ “ሰዉም በዚሁ ተራ ነው የሚያድረው” አሉኝ።

ዋናው ደረጃ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ የብረት መደገፊያው እንደ ሐረግ ተጠማዟል። ጉብኝቱ ሳሎኑ ላይ አበቃ። እትዬ ዘነበች ግን አስጎብኚዋን ይዘው በፈረንሳይኛ አወሯት። “ማማን”፣ እናት፣ የሚለው ብቻ ገባኝ። ሴትዮዋ አየችኝና ከግድግዳው ጋር አንድ ቀለም የተቀባች ጠባብ በር ከፈተችልን። ከበሯ ኋላ የሠራተኞች የእንጨት ደረጃ ነበር፤ በእሱ እስከ ጣሪያው ሥር ወጣን።

የእናቴ ክፍል ባዶ ናት። ጣሪያው ስላዘመመ ቀጥ ብዬ መቆም አልቻልኩም። የእናቴ የሆነ አንዳች ነገር አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ምስማር እንኳ የለም።

እትዬ ዘነበች ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩ። “እኔ ከዚህ ወዲያ ነበርኩ፤ የጎረቤቱ ሠራተኛ። ሳንተያይ ነው የሰማኋት። ካንቺ ጋር በስልክ ታወራለች፤ ከዘጋችው በኋላ ስምሽን ትጠራለች። ደጋግማ። ‘ይቺ አበሻ ናት፣ ልጅም አላት’ አልኩና ግድግዳውን መታሁላት። ደንግጣ ዝም አለች። ከዚያ እሷም መታች።”

እኔ የማውቀው ስልክ “ትምህርትሽን ተማሪ፣ አክስትሽን እሺ በይ፣ ቻው” ነበር። ሌላ የምትለኝ ያጣች ይመስለኝ ነበር።

“እንዴት ብላ ነበር የምትጠራኝ?” አልኳቸው።

ዐይናቸውን ጨፈኑ። “ምሕረቴ… ምሕረቴዋ…” አሉ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

በዚያ አጠራር ጠርታኝ አታውቅም። ግንባሬን ግድግዳው ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ እትዬ ዘነበችም አልከለከሉኝም።

ዙሪክ

ሻትሌን እሳቸው ቤት ምሳ በልቼ በከሰዓቱ ባቡር ተመለስኩ። ሶልያና በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ ስታይ፣ “እማ፣ ሽሎስ ነው? የንጉሥ ቤት?” አለችኝ፣ እንደ ልማዷ ጀርመንኛ እየቀላቀለች።

“አይደለም፣ የሰው ቤት ነው።”

“አያቴ የት ነበረች?” ጣቷን ትልቁ መስኮት ላይ አሳረፈች። ጣቷን ይዤ ወደ ላይ፣ እስከ ጣሪያው ሥር ወሰድኩት።

“ክላይን ነው፣ ትንሽ” አለች፣ ቅር እያላት። “ብቻዋን ነበረች?”

እስከ ዛሬ ስለ አያቷ ስትጠይቀኝ ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ እሻገር ነበር፤ እኔም የማውቀው ጥቂት ነበርና። አሁን ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ዓመት የናፈቅኩ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

“ብቻዋን አልነበረችም” አልኳት። “ነይ፣ ልንገርሽ።”