«ሰሊጥ ላይ ናት»

ሰሊጥ በሚበቅልበት ሽንፋ አራተኛ ክፍል ሳስተምር፣ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንድ ቅጽ ይዛልኝ መጣች። «ከተማሪዎችሽ ውስጥ የቆየ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ ጻፊልኝ» አለችኝ። ልጆቹን በዓይኔ ዳሰስኋቸው፤ የታመመ የሚመስል አላየሁም። «የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁና እዚያው መለስሁላት።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ሰሊጥ ሲደርስ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ከቤተሰብ ጋር አጨዳ ስለሚወርዱ ክፍሉ ይሳሳል። ስለዚህ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ልጅ መቅረቷ አላሳሰበኝም። ዓምናም በዚሁ ወቅት ቀርታ፣ እናቷን ብጠይቃቸው «ሰሊጥ ላይ ናት» ብለውኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወደ ገበያ ስሄድ ልጅቱን ደጃፋቸው ላይ አየኋት። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ጎንበስ ብላ ተቀምጣለች። በተነፈሰች ቁጥር ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ከማዶ ካለው መጋዘን ሰሊጥ ሲያበጥሩ የሚነሳው አቧራ እስከ ደጃፋቸው ይደርስ ነበር።

እናቷ ወጡና ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ዓምና ሰሊጥ ላይ ናት ብለውኝ አልነበር?» አልኋቸው።

«ዋሽቼዎት ነው መምህር። ሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው ልጆቹ እንዳይሸሿት ፈርቼ ነው።»

«ከጀመራት ቆየ?»

«ገና ትንሽ ሳለች ነው የጀመራት። ሰሊጡ ሲያልፍ ይተዋታል።»

በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሩጫ አቋርጣ ስትቆም «ሰነፍ» ያልኋት እኔው ነበርሁ። ከጎኗ ተቀመጥሁና ይቅርታ ጠየቅኋት። መናገር ስላቃታት ራሷን ብቻ ነቀነቀችልኝ።

በዚያው ቀን ጤና ኤክስቴንሽኗን ጠርቼ ልጅቱን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ከዚያ ገንዳ ውሃ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ተላከች። የመረመራት ሐኪም አስም መሆኑን ነገረን፤ በአፏ የምትስበው መድኃኒት ሰጥቶም አጠቃቀሙን አሳያት። እናቷ ግን ሐሳባቸው ሌላ ነበር። «አይተላለፍም?» አሉት። «አይተላለፍም» አላቸው። «እስቲ እሱን በወረቀት ይጻፉልኝ» አሉት። ሐኪሙ ጻፈላቸው፤ እሳቸውም ለጎረቤቱ ሁሉ አስነበቡት።

እኔም አዲስ ቅጽ ለምኜ ስሟን አስገባሁ። ወደ ትምህርት ስትመለስ የጠመኔው ብናኝ እንዳያገኛት ከሰሌዳው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኋት። መድኃኒቷን ለምን እንደምትስብ ለጓደኞቿ ራሷ አስረዳቻቸው።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው በዕረፍት ሰዓት መጣችና «ቲቸር፣ በር አጠገብ የምትቀመጠውም ልጅ ያማታል መሰለኝ» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ እንደኔ ትቆማለች። የጫማዬ ክር ተፈታ ትላለች፤ ጫማዋ ግን ክር የለውም።»

እንደሷ አስም ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልነበረም። ይህችኛዋ ልጅ ከጤና ጣቢያው ጎንደር ድረስ ተልካ ስትመረመር የልብ ሕመም ተገኘባት። አባቷ ከጎንደር ሲመለሱ ትምህርት ቤት መጡና «ማን ነው ያወቀላት?» ብለው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ቆመው ለረጅም ጊዜ መረቋት፤ እሷ አፍራ መሬት መሬቱን ታያለች።

ሁለቱ አሁን አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ያችኛዋ ለልቧ በየወሩ መርፌ ስትወጋ ይቺ አብራት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ መርፌው እስኪወጣ ድረስ ፊቷን አዙራ ትጠብቃታለች።